የማርስ ድንጋይና ምስክሮቹ

ስለ ፀሐይና በዙሪያዋ ስለሚዞሩት ፕላኔቶች በማስተምርበት አንድ ቀን፥ ከሰማይ ወደ ምድር ከሚወድቁት ድንጋዮች ጥቂቶቹ ከማርስ የመጡ መሆናቸውን ስናገር፥ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ብድግ ብሎ «መምህር፥ ከዚያ ሲነሡ ያየ ማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ጓደኞቹ ሣቁበት። እኔ ግን ጥያቄውን ወደድሁት። በአገራችን ሸንጎ ምስክር ሳይሰማ ነገር አይረታም፤ ልጁም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ደወሉ ስለ ተደወለ በዚያች ሰዓት የሰጠሁት መልስ ያልተሟላ ነበረ። ዛሬ ግን ለእርሱም፥ እንደ እርሱ ያለ ጠያቂ ልጅ በቤታቸው ላላቸው አባቶችና እናቶችም፥ ነገሩን ከመሠረቱ ጀምሬ ልጽፈው አሰብሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ማርስ የቀድሞ ሊቃውንቶቻችን በዐረብኛው ስም መሪሕ የሚሏት፥ በሌሊት ቀላ ብላ የምትታየው ፕላኔት ናት። ወደ ምድር እጅግ በምትቀርብበት ጊዜ እንኳ በመካከላችን ከ54 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የበለጠ ርቀት አለ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው አልረገጣትም፤ ከእርሷም ተቈፍሮ በመንኰራኵር የመጣ አንዲት ጠጠር እንኳ የለችም። ይሁን እንጂ ከማርስ መምጣታቸው የታወቀ ወደ 400 የሚጠጉ ድንጋዮች ዛሬ በየሙዚየሙና በየቤተ ሙከራው ተቀምጠው ይገኛሉ።

ከእነዚህ አንዱ በኦክቶበር 3 ቀን 1962 ዓ.ም. በሰሜን ናይጄሪያ በካትሲና አውራጃ ዛጋሚ በሚባል ስፍራ የወደቀው ነው። አንድ ገበሬ ከበቆሎ እርሻው ቍራ ሲያባርር ሳለ ድንገት ታላቅ ነጐድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰማ፤ የአየሩም ግፊት መታው። ወዲያው ከእርሱ 3 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ጢስ ተነሣ፤ አንድ ከባድ ነገርም ከመሬት ጋር ተላተመ። ሰውዬው ቦምብ ወይም የመድፍ ጥይት ስለ መሰለው ጥቂት ጊዜ ቆየ፤ ኋላ ቀርቦ ቢመለከት 60 ሴንቲ ሜትር ያህል በጠለቀ ጕድጓድ ውስጥ ጥቍር ድንጋይ ተቀብሮ አገኘ። ክብደቱ 18 ኪሎ ግራም ያህል ነበረ። እንግዲህ ይህ ገበሬ የመውደቁ ምስክር ነው። ከየት እንደ መጣ ግን እርሱም አላወቀም፥ ድንጋዩን የተቀበሉት ባለሙያዎችም በዚያ ዘመን ሊያውቁ አልቻሉም።

የዛጋሚው ድንጋይ ዘመዶች ከዚያ በፊትም ወድቀው ነበር። በ1815 በፈረንሳይ አገር ሻሲኚ በምትባል መንደር፥ በ1865 በሕንድ አገር ሸርጎቲ በተባለ ስፍራ፥ በ1911 ደግሞ በግብፅ አገር ከእስክንድርያ ብዙ ሳይርቅ ናኽላ በሚባል መንደር አካባቢ እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ሲወድቁ ሰዎች አይተዋል። የናኽላው በአየር ላይ ፈንድቶ 40 ያህል ስባሪ ሆኖ ነበር። ከስባሪዎቹ አንዱ ውሻ ገደለ የሚል ወሬ በጊዜው በጋዜጣ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ነገር ግን የሞተውን ውሻ ያየ ሌላ ምስክር ስላልተገኘ እኔ ለተማሪዎቼ እንደ እውነት አድርጌ አላወራውም።

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው እንግባ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሲመጣ ብዙ ሰው እንደሚያስበው መጀመሪያ በእሳት አይቀልጥም፥ በመዶሻም አይደቅም። ከዳሩ ትንሽ ቍራጭ በአልማዝ መጋዝ ይወሰዳል፤ ያም ቍራጭ በመስተዋት ላይ ተጣብቆ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር 3 መቶኛ እስኪሆን ድረስ ይሞረዳል። በዚህ ጊዜ ከሰል ይመስል የነበረው ድንጋይ ብርሃን ማሳለፍ ይጀምራል። ለዚሁ ተግባር በተዘጋጀ ማይክሮስኮፕ ሲመለከቱትም በውስጡ ያሉት ማዕድናት ቢጫ፥ ሰማያዊና ሐምራዊ እየሆኑ፥ የጠዋት ፀሐይ ያረፈበትን የቤተ ክርስቲያን የመስኮት መስተዋት መስለው ይታያሉ። የማዕድናቱ ቅርፅና አሰካካ ድንጋዩ ከምን እንደ ተሠራ ይናገራል። የዛጋሚውም ሆነ የናኽላው ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ ቀዝቅዞ የረጋ ድንጋይ ሆኖ ተገኝቷል።

ቀጥሎ የሚመረመረው ዕድሜው ነው። በድንጋይ ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች አንዳንዶቹ፥ ለምሳሌ ከሩቢዲየምና ከፖታሲየም አንዳንድ ዓይነቶች፥ በታወቀ ፍጥነት ጥቂት በጥቂት ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ። አንድ ጧፍ በሰዓት ምን ያህል እንደሚነድ የሚያውቅ ዲያቆን የቀረውን አይቶ ከመቼ ጀምሮ እንደ በራ ለመናገር እንደሚችል ሁሉ፥ ሊቃውንቱም የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለክተው ድንጋዩ የረጋበትን ዘመን ያሰላሉ። ከሰማይ የሚወድቁት ድንጋዮች አብዛኞቹ ዕድሜያቸው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው። የናኽላው ግን 1.3 ቢሊዮን ዓመት ሆነ። የዛጋሚውማ በብዙዎቹ ስሌት 200 ሚሊዮን እንኳ የማይሞላ ነው።

ይህ ቍጥር ሊቃውንቱን እጅግ አስጨነቃቸው። አብዛኞቹ የሰማይ ድንጋዮች በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት አስትሮይድ ከሚባሉት ትንንሽ አካላት የሚመጡ ናቸው። ትንሽ ጀበና ከትልቅ ድስት ቀድሞ እንደሚበርድ፥ እነዚህም ትንንሽ አካላት ከተፈጠሩ ብዙም ሳይቆይ ውስጣቸው ቀዝቅዟል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ትኵስ ቅላጭ ያፈለቀው አካል ትልቅ መሆን አለበት። የእሳተ ገሞራ ተራሮች በብዛት የሚታዩባት ማርስም ተጠረጠረች።

ሆኖም ጥርጣሬ ማስረጃ አይደለም። ተቃዋሚዎቹም ጠንካራ ጥያቄ ነበራቸው። አንድ ድንጋይ ከማርስ ስበት ለማምለጥ በሰከንድ 5 ኪሎ ሜትር መወርወር ይኖርበታል። ይህን ያህል ኃይል ሊሰጥ የሚችለው ሌላ ታላቅ የሰማይ አካል ማርስን ሲመታት ነው፤ እንዲህ ባለ ምት ደግሞ ድንጋዩ ይቀልጣል፥ ይበናል እንጂ እንዴት ደኅና ሆኖ ይወጣል? ይሉ ነበር። ይህ መቃወሚያ የተሸነፈው በክርክር ሳይሆን በአንዲት ትንሽ ድንጋይ ነው። በጃንዋሪ 1982 በአንታርክቲካ በረዶ ላይ የተገኘች 31 ግራም የምትመዝን ድንጋይ፥ ሰዎች ከጨረቃ ካመጧቸው ድንጋዮች ጋር ስትነጻጸር ያለ ጥርጥር ከጨረቃ የመጣች ሆና ተገኘች። ከጨረቃ መውጣት ከተቻለ ከማርስስ የሚከለክል ምንድን ነው?

ስለ አንታርክቲካ ጥቂት ልናገር፤ ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠምና። በዚያ በደቡብ ዋልታ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በበረዶ ውስጥ ተቀብሮ ከበረዶው ጋር ወደ ባሕር ይጓዛል። በመንገዱ ተራራ ሲገጥመው በረዶው ይቆማል፤ ኃይለኛ ነፋስም ላዩን እየጠረገ ሲያመነምነው ለሺህ ዓመታት ተሸክሟቸው የኖሩት ድንጋዮች በሰማያዊው በረዶ ላይ ጥቍር ሆነው ይወጣሉ። በ1969 የጃፓን መርማሪዎች በያማቶ ተራሮች አጠገብ 9 ድንጋዮች ካገኙ ወዲህ በየዓመቱ ለለቀማ የሚሄዱ ሰዎች አሉ። የአሜሪካኖቹ ለቃሚዎች ያገኙት በንጹሕ መያዣ ታሽጎ፥ እንደ ቀዘቀዘ ሂዩስተን ወደሚባለው ከተማ ይላካል። በዚያም የምድር አየርና እርጥበት እንዳይነካው በደረቅ ናይትሮጅን ጋዝ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ይጠበቃል።

በዚሁ ዓይነት ከተለቀሙት አንዱ በ1979-80 በተደረገው ለቀማ የተገኘና 8 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ድንጋይ ነው። ይህ ድንጋይ ታላቅ ምት የደረሰበት በመሆኑ በውስጡ እዚህም እዚያም ቀልጦ በቅጽበት የረጋ ጥቍር ጠርሙስ መሰል ነገር ነበረበት። ዶናልድ ቦጋርድና ፕራት ጆንሰን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት፥ ምቱ የደረሰበትን ዘመን ለማወቅ ሲሉ፥ ይህን ጠርሙስ በእቶን ውስጥ እያጋሉ የሚወጣውን ጋዝ አቶሞችን በክብደታቸው ለይቶ በሚቈጥር መሣሪያ መረመሩ። የወጣው ጋዝ ግን ያልጠበቁት ሆነ። አርጎን የሚባለው ጋዝ ከባድና ቀላል ዓይነት አለው፤ በምድር አየር ውስጥ ከባዱ ከቀላሉ 296 ጊዜ ይበዛል። ከጠርሙሱ የወጣው ግን ከ2,000 ጊዜ በላይ የሚበዛ ነበረ። እንዲህ ያለ አየር በምድርም በጨረቃም አይታወቅም።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ነው የልጁ ጥያቄ መልስ የሚያገኘው። በ1976 ቫይኪንግ የተባሉ ሁለት መንኰራኵሮች ሰው ሳይጭኑ በማርስ ላይ አርፈው የዚያን አገር አየር መርምረው ውጤቱን በሬዲዮ ወደ ምድር ልከው ነበር። በእነርሱ ልክ ከባዱ አርጎን ከቀላሉ 3,000 ጊዜ ያህል ይበዛል። ቦጋርድና ጆንሰን ውጤታቸውን በ1983 ካሳተሙ በኋላ ሌሎችም ናይትሮጅኑን፥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፥ ዜኖኑንና ክሪፕቶኑን እየለኩ ከቫይኪንግ መዝገብ ጋር አስተያዩት። እጅግ ከበዛው ጋዝ አንሥቶ እጅግ እስካነሰው ድረስ ሁሉም በአንድ መስመር ላይ ዋለ። ድንጋዩን ከማርስ የወረወረው ያው ምት፥ በቀለጠው ጠርሙስ ውስጥ የአገሩን አየር ጨምቆ አሽጎበት ነበር ማለት ነው። ሲነሣ ያየ ሰው የለም፤ የተነሣበትን አገር አየር ግን በጕያው ይዞ መጥቷል።

አንድ ምስክር አይበቃም የሚል ቢኖር ሌላም አለ። ኦክሲጅን በክብደት የሚለያዩ ሦስት ዓይነት አቶሞች አሉት፤ የሦስቱም ድርሻ ከፕላኔት ፕላኔት በጥቂቱ ይለያል። የጎጃምና የመንዝ ሰው አንድ ቃል ሲናገሩ በአነጋገራቸው ለዛ እንደሚታወቁ ያለ ነው። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ክሌይተን የተባሉ ሊቅ ይህን በለኩ ጊዜ፥ የሻሲኚው፥ የሸርጎቲው፥ የናኽላውና የአንታርክቲካው ድንጋዮች የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ አየሩ በአንዱ ላይ የመሰከረው ምስክርነት ለሁሉም ሆነ። ከዚያም ወዲህ በ2013 በማርስ ላይ የሚሄደው ኪዩሪዮሲቲ የተባለው መኪና ሌሎቹን ሁለት የአርጎን ዓይነቶች በትክክል ለክቶ 4.2 ለ1 መሆናቸውን አገኘ፤ በምድር 5.3 ለ1 ነው። ይህም በድንጋዮቹ ውስጥ ከታሸገው አየር ጋር የሚስማማ ነው።

የድንጋዮቹ አገር እንዲህ ታወቀ። ስለዚያ አገር የሚናገሩትን መስማት ግን ሌላ ከባድ ሥራ ነው፤ ይህንም ለማሳየት ከአንድ ድንጋይ ታሪክ የሚበልጥ አላውቅም።

በዲሴምበር 27 ቀን 1984 ዓ.ም. ሮበርታ ስኮር የተባሉ ሴት በአንታርክቲካ በአለን ኮረብቶች አጠገብ 1.93 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ ከበረዶው ላይ አነሡ። በመጀመሪያ ከአንድ አስትሮይድ የመጣ ነው ተብሎ በስሕተት ተመዘገበ፤ ዘጠኝ ዓመት ያህልም በዚያው ስም ኖረ። በ1993 ዴቪድ ሚትልፌልት የተባሉ መርማሪ፥ የአስትሮይድ ድንጋይ እያጠኑ ሳለ ይኸኛው ከባልንጀሮቹ ጋር አልገጥም ስላላቸው እንደገና መረመሩትና የማርስ ሆኖ አገኙት። ዕድሜውም ከሌሎቹ ሁሉ የተለየ ነበር። በመጀመሪያ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ተባለ፤ በ2010 በተደረገው የተሻለ ስሌት ደግሞ 4.09 ቢሊዮን ሆነ። በጠፈር ጨረር የደረሰበት ለውጥ ሲለካ 16 ሚሊዮን ዓመት ያህል በሰማይ ሲዞር እንደ ኖረ፥ በበረዶው ላይ ከወደቀም 13,000 ዓመት ያህል እንደ ሆነው ታወቀ።

በኦገስት 1996 ዴቪድ ማክኬይ ከስምንት ባልደረቦቻቸው ጋር፥ በዚህ ድንጋይ ውስጥ በጥንት ዘመን በማርስ ላይ የነበረ የጥቃቅን ሕይወት ምልክት ያገኘን ይመስለናል ሲሉ ገለጡ። ነገሩ ዓለምን አናወጠ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ክሊንተን እንኳ ወጥተው ስለ ድንጋዩ ለሕዝብ ተናገሩ። የቀረቡት ምልክቶች አራት ነበሩ። እነዚህም በውሃ የተሠሩ ካርቦኔት የሚባሉ ክብ ማዕድናት፥ የካርቦን ውሕዶች፥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በሰውነታቸው ውስጥ የሚሠሩትን የሚመስሉ ጥቃቅን የማግኔት ቅንጣቶች፥ እንዲሁም በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ የታዩ ትል መሳይ ቅርፆች ናቸው። ማክኬይ እያንዳንዱ ለብቻው ሌላ ፍቺ ሊኖረው እንደሚችል አልካዱም፤ አራቱ በአንድነት መገኘታቸውን ነበር የሚያጐሉት።

ጋዜጣው ግን «ይመስለናል» የሚለውን ቃል ብዙም አላነበበውም። ይህን እኔ ደኅና አስታውሳለሁ፤ በዚያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፥ ሰፈራችንም በሙሉ በማርስ ሰው ተገኘ ሲል ነበር የዋለው።

ከዚያ በኋላ የሆነው በርዕሰ ጋዜጣ አልተጻፈም። የድንጋዩ ቅንጣቶች ለየአገሩ ቤተ ሙከራ፥ ለተቃዋሚዎችም ጭምር፥ ታደሉ። ትል መሳይ ቅርፆቹ ከሚታወቁት ባክቴሪያዎች እጅግ ያነሱ ስለ ሆኑ ሕይወት ሊይዙ አይችሉም የሚሉ ተነሡ፤ ሌሎችም ከቅርፆቹ አንዳንዶቹ የማዕድን ጠርዝ ወይም ለማይክሮስኮፑ ሲባል በተቀባው ስስ ብረት የተፈጠሩ መሆናቸውን አሳዩ። በ1998 ደግሞ በካርቦን ውሕዶቹ ውስጥ ካርቦን 14 ተለካ። ካርቦን 14 በ13,000 ዓመት ውስጥ አብዛኛው የሚጠፋ በመሆኑ፥ በብዛት መገኘቱ ከውሕዶቹ አብዛኛው ከምድር በቀለጠ በረዶ ውሃ የገባ መሆኑን አመለከተ። የማግኔት ቅንጣቶቹንም በቤተ ሙከራ ያለ ምንም ሕያው ነገር፥ ብረት ያለበትን ካርቦኔት በማጋል ብቻ፥ የሚመስሏቸውን ለመሥራት ተቻለ።

ታዲያ ሁሉ ነገር ከንቱ ሆነ ማለት ነውን? አይደለም። በዚያው ክርክር ምክንያት ድንጋዩ ከማንኛውም የሰማይ ድንጋይ ይበልጥ ተጠና። በ2011 የካርቦኔቱን አቶሞች የመረመሩ ሊቃውንት ያ ማዕድን 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ እንደ ተሠራ አገኙ። ይህም ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ያልሆነ አየር ነው፤ ዛሬ በብርድ የደረቀችው ማርስ ከ3.9 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ለብ ያለ ውሃ ነበራት ማለት ነው። በ2022 ደግሞ በዋሽንግተን የካርኔጊ ተቋም ባልደረባ አንድሩ ስቲልና ጓደኞቻቸው፥ ከካርቦኑ ውሕዶች የማርስ የሆኑት የተገኙት ውሃ በድንጋይ ውስጥ እያለፈ ከማዕድናቱ ጋር ሲዋሐድ እንጂ ከሕያው ነገር አይደለም የሚል ጥናት አወጡ። ከማክኬይ የቀድሞ ባልደረቦች ሁለቱ ይህን አልተቀበሉም። ማክኬይ ራሳቸው በ2013 ዐርፈዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ማክኬይ ያዩትን ሁሉ ለባላጋራ በሚመች አኳኋን ዘርዝረው ስለ ጻፉ፥ የተረቱበት ነገር እንኳ ለእውቀት ጠቅሟል።

ስለ ውሃው ነገር የግብፁ የናኽላ ድንጋይም ምስክር ነው። በስንጥቆቹ ውስጥ ውሃ ያበጀው ሸክላ መሰል ነገር አለ። ይህ ውሃ የናይል እርሻ ውሃ ሊሆን አይችልምን? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ነገር ግን ድንጋዩ በአየር ውስጥ ሲያልፍ ላዩ በእሳት ተቃጥሎ ጥቍር ቅርፊት አውጥቷል፤ ያም እሳት በቅርፊቱ አጠገብ ያለውን ሸክላ ጠብሶታል። የተጠበሰው ከመጠበሱ በፊት የነበረ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ሸክላው ከድንጋዩ ጋር ከሰማይ የመጣ ነው። በዚህ ሁሉ ምርመራ ውስጥ ለልጆች ለማስረዳት እንደዚህ የሚቀልል ማስረጃ አላገኘሁም።

የአፍሪካ ምድረ በዳ ዛሬ ከአንታርክቲካ የማያንስ የድንጋይ መገኛ ሆኗል። በጁላይ 18 ቀን 2011 በሞሮኮ ቲሲንት አጠገብ የወደቀውን ያጠኑት ጓድ መሪ ሐስና ሸናዊ አውጀሃን የተባሉት የካዛብላንካ ፕሮፌሰር ናቸው፤ በድንጋዩ ጥቍር ጠርሙስ ውስጥ የማርስ አየርና የማርስ ዐፈር ምልክት አገኙ። ሁሉም ግን እንዲህ የታደለ አይደለም። በኖቬምበር 2023 በኒጀር የተገኘውና 24.67 ኪሎ ግራም የሚመዝነው፥ እስከ ዛሬ ከተገኙት የማርስ ድንጋዮች ሁሉ ትልቁ፥ በጁላይ 2025 በኒውዮርክ በጨረታ 5.3 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የኒጀር መንግሥት ከአገር እንዴት እንደ ወጣ አጣራለሁ ሲል አስታወቀ። የአገር ሀብት በሌሊት ተጭኖ ሲወጣ ያየ ሕዝብ የዚህ ስሜት ይገባዋል።

ሊቃውንቱ አሁን የሚጓጉት ከታወቀ ቦታ በታወቀ እጅ የተቈፈረ ድንጋይ ለማግኘት ነው፤ በምት የተወረወረ ድንጋይ ከማርስ የትኛው ተራራ ሥር እንደ ተነሣ በትክክል አይናገርምና። ለዚህም በፌብሩዋሪ 2021 ያረፈው ፐርሲቪራንስ የተባለው መኪና ቍራጮች እየቈፈረ በቱቦ ያሽጋል። በ2024 የቈፈረው አንዱ ነብር መሳይ ጠቃጠቆ ካለበት ድንጋይ የተወሰደ ነው፤ በ2025 የታተመው ጥናትም ጠቃጠቆው በጥንት ጥቃቅን ሕይወት ሊሠራ እንደሚችል፥ ያለ ሕይወት በሚሆን ኬሚካዊ ለውጥም ሊሆን እንደሚችል፥ ሁለቱንም ጽፏል። ቱቦዎቹ ገና ከማርስ አልተነሡም።

ይኸው መኪና ከምድር ሲሄድ በ1999 በኦማን በረሓ ከተገኘ የማርስ ድንጋይ የተቈረጠ ትንሽ ቍራጭ ይዞ ሄዷል። ሐቀኛ ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት እንደሚፈትን፥ የመኪናው መሣሪያ አዲስ ድንጋይ ከመመርመሩ በፊት ወደዚህ ቍራጭ ዞሮ ራሱን እንዲፈትን ታስቦ ነው። ከማርስ ተወርውሮ በምድረ በዳ ወድቆ የነበረው ድንጋይ እንደገና ወደ አገሩ ተመለሰ ማለት ነው። ይህን ለዚያ ጠያቂ ልጅ በነገርሁት ጊዜ ጥቂት አሰበና፥ «እንግዲያውስ ይኼኛውን ሲሄድ ያየ ሰው አለ» አለኝ።